አፈ ወይዘሪት፦ በሰቆጣ የአስተርጓሚነት ዘመኔ

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ይህን ስነግራቸው አባባ ከዳዊታቸው ቀና ብለው ከልባቸው ሳቁ። «ጡረታ ጥርስ ሲረግፍ ነው እንጂ! አንቺ ገና የመንጋጋ ጥርስሽን መች ጨረስሽ?» አሉኝ። ይሳቁ። እኔ ግን ሠርቻለሁ። ደሞዜን በፊርማዬ ተቀብያለሁ (በጣት አሻራ አይደለም፣ በፊርማዬ!)። አለቃ ነበረኝ፣ አለቃዬም አለቃ ነበራቸው። በመጨረሻም ሥራው ራሱ «ከእንግዲህ አታስፈልጊኝም፣ በደህና ሂጂ» ብሎ በክብር አሰናበተኝ። ይህ ጡረታ ካልሆነ ጡረታ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ለልምምድ ወደ ሰቆጣ የሚመጡትን ተማሪዎች ከገጠሩ ሰው ጋር አነጋግር ነበር። ኽምጥኛ፣ ከተሜው አገውኛ የሚለው፣ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ እማዬ የጽጽቃ ልጅ ናት። አማርኛውን ከአባባ ነው ያገኘሁት። አባባ ቄስ ናቸው፤ እቤታችን ውስጥ አማርኛ አበላሽቶ ሳይታረም እራት የሚበላ የለም።

አሁን ትምህርት ቤቱ ስለ ሁኔታውና ስለ እድገቱ መጽሔት ሊያወጣ ነው አሉ። «የሰቆጣውን አንቺ ጻፊ» ስባል እንዴት ደስ እንዳለኝ! ብዕሬን ነክሬ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ደነገጥኩ። ትምህርት ቤቱን መች አየሁትና? ፎቅ ይሁን ጎጆ፣ ግቢው ዛፍ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። የማውቀው በየዓመቱ ከላንድሮቨር የሚወርዱትን ሰዎች ብቻ ነው። እንግዲህ እድገቱን በእነሱ ልናገር፤ ያወቅሁት በእነሱ ነውና።

መጀመሪያ የመጡት ሲወርዱ በእጃቸው የታተመ ጥያቄ ይዘው ነበር። መልካም ልጆች ነበሩ፤ ችግሩ ጥያቄው ነበር። ያስተረጉሙላቸው የነበሩት የቀድሞ ወታደር፣ አንድ ሃምሳ አለቃ ናቸው። አንድ ቀን ከወንዝ ውኃ ቀድቼ ስመለስ የጎረቤታችንን ምራት ደጃፏ ላይ ከበው ሲጠይቋት ደረስኩ። «በኑሮዎ ያጋጠመዎት ችግር ምንድን ነው?» አለ ተማሪው። ምስኪኗ እጇን እያወናጨፈች፣ ገደሉን እያሳየች፣ እንባዋን እየጠረገች ብዙ ተናገረች። ሃምሳ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። እንስራዬ ሊወድቅ ነበር። ከተማሪዎቹ ጋር የመጡ አንዲት ወይዘሪት ዞር ብለው «ምን ያስቅሻል?» አሉኝ።

«አይ... ደህና ነኝስ አላለችም።»

«ታዲያ ምን አለች?»

«ላሜ ገደል ገባችብኝ፣ ባሌ ለሥራ ብሎ ራያ ወርዶ በዚያው ቀረ፣ አማቴ ደግሞ ውጪልኝ ትለኛለች ነው ያለችው። ደህና ነኝ ያለችው መጀመሪያ ሰላም ስትላችሁ ነው።»

ሃምሳ አለቃ ተቆጡ። «ይህ ሁሉ ለእንግዳ ይነገራል? ገመናችን አይደለም?» ለአገሩ ክብር አስበው ነው፤ እውነታቸውን ነው። እግራቸውንም ያማቸው ስለነበር ሥራውን ሲለቁልኝ መርቀውኛል።

እኚያ ወይዘሪት የምሥራች ይባላሉ። ከዚያው ትምህርት ቤት ተመርቀው ሰቆጣ የተመደቡ የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኛ ናቸው። በማግሥቱ አባባን ሊያስፈቅዱ እቤታችን መጡ። አባባ እሺ አላሉም። «ሴት ልጅ ከሰው ቤት ሰው ቤት እየዞረች ወሬ ልትለቅም?»

«ወሬ አትለቅምም፣ አባ» አሉ ወይዘሪት የምሥራች። «የሰማችውን እዚያው ትታ ትወጣለች። እርስዎስ የነፍስ ልጆችዎን ምሥጢር ያወጣሉ?»

አባባ ጢማቸውን ያዙ። «እንግዲያ ሥራችሁ ከእኛ ሥራ ሳይዋለድ አልቀረም» ብለው ፈቀዱ። ለእማዬ ግን መከራ ሆነባት። ማታ ማታ «እስቲ ያቺ የታች ሠፈሯ ምን አለቻችሁ?» ትለኛለች። «እማዬ፣ የነፍስ አባት ነኝኮ!» እላታለሁ። «አንቺን ብሎ የነፍስ አባት! ይልቅ ድስቱን እጠቢ» ትላለች።

ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ ብጽፍ መጽሔቱ ይሞላል። ዋና ዋናውን ልበል።

አንደኛ፣ «ትላለች» ማለት ተከለከልኩ። ሴትዮዋ «ባሌ ሞተ» ካለች እኔም «ባሌ ሞተ» ማለት አለብኝ። መጀመሪያ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሁለት ሚስት መቅበራቸውንና የሦስተኛዋም ጤና እንዳላማራቸው ነገሩን። እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ በአማርኛ፣ «ሁለት ሚስት ቀብሬአለሁ፣ ሦስተኛዋም አላማረችኝም» አልኩ። አማርኛ ጥቂት ጥቂት የምትሰማው ልጃቸው ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን? አንቺ ነሽ ሁለት ሚስት የቀበርሽው?» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስንወጣ ወይዘሪት የምሥራችን ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉኝ ጠየቅኋቸው። «‹ይላሉ› ስትዪ ሽማግሌው ከጨዋታው ይወጣሉ፤ እኔና አንቺ ስለ እሳቸው የምናወራ እንሆናለን። ‹እኔ› ስትዪ ግን እሳቸው ናቸው የሚያወሩት» አሉኝ።

አቀማመጤንም አስተካከሉት። ከትከሻቸው ኋላ ጠጋ ብዬ ነው የምቀመጠው፤ ባለቤቲቱ እሳቸውን እንድታይ፣ እኔን እንድትረሳኝ። እሳቸው ራሳቸው ሁልጊዜ ከሚጠይቁት ሰው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ በርጩማ ቢሰጣቸው አመስግነው ለሌላ ያሳልፉና ቁርበቱ ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸው ግን ሥራ አይፈታም። ምስር የሚለቅሙ ካሉ ምስር ይለቅማሉ፤ ጥጥ የሚፈትሉ ካሉ እንዝርት ይዋሳሉ። «ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩት ሆዱን አያወጣም» ይሉ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ናቸውና ፈትላቸው ሁሌ ይበጠስ ነበር። ሴቶቹ «ኧረ አያበላሹብን!» እያሉ እየሳቁ እንዝርቱን ይነጥቋቸውና ሊያሳዩአቸው ይፈትላሉ፤ እየፈተሉም ያወራሉ። ፈትሉን ሆን ብለው ይበጥሱት እንደሆን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ሰው ዝም ሲል ደግሞ እኔ ጭንቅ ይለኛል፤ ጨዋታ መጨመር እፈልጋለሁ። ያኔ የነጠላዬን ጫፍ ሳብ ያደርጋሉ፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው። ስንቱን ነገር የሰማነው ነጠላዬ ከተሳበ በኋላ ነው!

የገበያ ሰዎች ቶሎ ስም አወጡልኝ። ለንጉሥ አፍ የሚሆነው ታላቁ ዳኛ አፈ ንጉሥ ይባል የለ? እኔም የወይዘሪት አፍ ነኝና «አፈ ወይዘሪት» አሉኝ። «አፈ ወይዘሪት መጣች! ዛሬ በማን ላይ ልትፈርጂ ነው?» ይሉኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ «በአንተ ላይ!» እላለሁ። ስሙን ወድጄው ነበር።

የወይዘሪት የምሥራች አለቃ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስተማሪያቸው የነበሩት ዶክተር ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ፤ ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን። ትምህርቱ ከውጭ አገር የመጣ ስለሆነ ቃሉም ሁሉ የውጭ ነበር። እሳቸው ናቸው «ሥራውን በቋንቋችን ካልጠራነው የእኛ አይሆንም» ብለው ለእያንዳንዱ አማርኛ የሚፈልጉለት። አባባና እሳቸው ሲገናኙማ ግእዝ እየጠቀሱ ጀንበር ትጠልቅባቸዋለች። እንግዲህ አንድን ሰው ለመርዳት ሲነሡ የሚይዙትን ነገር ዶክተሩ «ጉዳይ» ብለው ሰየሙት፤ ሰውየውን ደግሞ «ባለጉዳይ»። ለሁላችንም ጥሩ ቃል መሰለን። መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይሸታላ!

አሁን ወደ ከባዱ ልመለስ። ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ወይዘሪት የምሥራች ግን «እሱን ከተውሽው እድገት ብለሽ የምትጽፊው ነገር የለሽም» አሉኝ።

ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ተራራ ሥር፣ እትዬ ታደሉ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፣ ዝናሽ። የባሏ ወንድም መሬቱን ሊወስድባት ይፈልጋል፤ ዛሬ እከስሻለሁ፣ ነገ እከስሻለሁ ይላታል። እኛን ግን ያሳሰበን የዝናሽ ዓይን ነው። ሁለቱም ቀልተው፣ አብጠው፣ በቀኙ ብሌን ላይ ነጭ ነገር ጋርዶ ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ፣ አይቷት «ፈጥና ደሴ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም ይጠፋሉ» አለ። ሰኔ ገብቶ ነበር፤ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ተማሪዎቹ ሊመለሱ ነው። ወይዘሪት የምሥራች ሮጠው ከላንድሮቨሩ ላይ ለእናትና ልጅ ቦታ አስያዙ፤ ከሆስፒታሉም ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ ደስ ብሎን፣ እየዘፈንን ማለት ይቻላል፣ ልንነግራት ሄድን።

ወይዘሪት የምሥራች እንዲህ አሉ፦ «እትዬ ታደሉ፣ ጉዳይዎን ይዘነዋል። ጉዳይዎ ደሴ ድረስ ይሄዳል። ከነገ ወዲያ ዝናሽን ይዘው ሰቆጣ ይቅረቡ፤ መኪና ይወስዳችኋል።»

እኔም እንዳለ ወደ ኽምጥኛ መለስኩት። «ጉዳይ» ግን በኽምጥኛም ያው ጉዳይ ነው፤ ከአማርኛ የገባው በችሎት በኩል ነው። እትዬ ታደሉ ዝም አለች። ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች፤ ሽምብራ ቆልታ አበላችን፤ እስከ ዛፉ ድረስ ሸኘችን። ዝምታዋን ደስታ ነው አልን።

በቀጠሮው ቀን መኪናው ጠበቀ። ሾፌሩ ሰማዩን እያየ ተቆጣ። ወይዘሪት የምሥራች ትንሽ እንጠብቅ፣ ትንሽ እንጠብቅ እያሉ ለመኑት። አልመጡም። መኪናው ባዶውን ቦታ ይዞ ሄደ።

እሷ ቤት ስንደርስ በሩ በድንጋይ ተዘግቷል። ጎረቤቷ አያ ኪሮስ እርፉን ትከሻው ላይ ይዞ መጣ። «ምን ትፈልጋላችሁ?» አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይለን።

«እትዬ ታደሉ የት ሄደች?»

«ተከስሳ ምን ታድርግ? ትጠብቃችሁ?»

«ማን ከሰሳት?» አልኩ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ? አፈ ንጉሥ ነኝ የምትዪ! ጉዳይሽ ተይዟል፣ ደሴ ይሄዳል፣ ልጅሽን ይዘሽ ቅረቢ አላልሻትም? ሰቆጣ የተረታ ይግባኝ የሚለው የት ነው? ደሴ አይደል? የባሌ ወንድም ዳኛ ገዝቶ ልጄን ሊያስነጥቀኝ ነው ብላ ቆላ ወረደች። አበርገሌ፣ ከዘመዶቿ ዘንድ።»

ወይዘሪት የምሥራች የተዘጋው በር ላይ እጃቸውን አደረጉ። ተክዜ የሚገቡት ወንዞች ሁሉ ሞልተው ነበር፤ ወደ አበርገሌ የሚያሻግር አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በመታ ቁጥር የዝናሽ ዓይን ትዝ ይለን ነበር። ስሕተቱ የማን ነው ብለን ግን አልተካሰስንም፤ ያ ቃል በቅቶን ነበር።

መስቀል እንደወጣ በቅሎ ይዘን፣ ነገሩን ያስረዳነው አያ ኪሮስ መንገድ እየመራን ወረድን። አበርገሌ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ዘመዶቿ ቤት ስንደርስ እትዬ ታደሉ ማሽላ ታበጥር ነበር። እንዳየችን ዝናሽን አንሥታ አቀፈቻት። የቤቱ ባለቤት፣ ትግርኛ የሚቀላቅሉ አሮጊት፣ በመካከል ገቡ። «አንቲ ጓል፣ ማነው የላከሽ? ዳኛ ነው?» አሉኝ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው።

ወይዘሪት የምሥራች መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ወደቀረው ማሽላ እጃቸውን ሰደዱ፤ ጠጠሩን ይለቅሙ ጀመር። ሁላችንም ዝም አልን። ያን ቀን ማንም ነጠላዬን መሳብ አላስፈለገውም።

በመጨረሻ እትዬ ታደሉ «ክስ ካልሆነ ምንድን ነው?» አለች።

ልተረጉም ስል ወይዘሪት የምሥራች አቋረጡኝ። «ገብቶኛል። አንቺው ንገሪያት፤ በእኔ ቃል ሳይሆን በራስሽ።»

እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። እቤታችን፣ ላም ስትታመም፣ እህል ሲያልቅ፣ ሠፈርተኛው ተሰብስቦ ምን እንደሚል አሰብኩ። «መላ ነው፣ እትዬ ታደሉ። ለዝናሽ ዓይን አብረን መላ እንምታ ብለን ነው የመጣነው።»

«መላ?»

«መላ።»

«መላ ከሆነማ...» ብላ ጀመረችና ድምፅዋ ተሰበረ። «መላ ከሆነማ ምነው ያኔ መላ ብትሉኝ ኖሮ!»

ዝናሽን ከጭኗ ላይ አዙራ አሳየችን። ቀኙ ጠፍቷል። ግራው ገና ያያል።

ደሴ ያደረስናቸው እየተጣደፍን ነው። የግራው ዓይን ተረፈ፤ ለሐኪሞቹ እግዜር ይስጥልን። የቀኙ ግን አልተመለሰም፤ እኔም እዚህ የተመለሰ አስመስዬ አልጽፈውም።

ዶክተሩ በዚያ ዓመት ሲመጡ ወይዘሪት የምሥራች ሁሉንም ነገሯቸው። ጃንጥላቸውን አጥፈው ሰሙ። «እንግዲያ መላ እንበለው። ግን አንድ ችግር አለው» አሉ። «ጉዳይ ያለው ባለጉዳይ ነው። መላ ብንል ግን ሰውየው ‹ባለመላ› ሊባል ነው። ባለመላ ማለት ደግሞ ብልኃት ያለው ማለት ነው። ችግር የገጠመውን ሰው እንዴት ባለመላ እንለዋለን?»

ወይዘሪት የምሥራች ፈገግ አሉ። «ክፍል ውስጥ ያስተማሩንኮ ይህንኑ ነው፣ ዶክተር። መላው ያለው ከሰውየው ዘንድ ነው፤ የእኛ ሥራ እሱን አብሮ መፈለግ ነው አላሉንም?»

ዶክተሩ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ ጠረጉት። እኔ በዚያ ሰዓት ያንን ትምህርት ቤት ሳላየው ወደድኩት። ከተማሪው ሰምቶ የሚታረም አስተማሪ ያለበት ቤት ፎቅ ቢሆን ጎጆ ቢሆን ምን ቸገረኝ?

ቀጥለው የመጡት ተማሪዎች ከላንድሮቨሩ ሲወርዱ የታተመ ጥያቄ አልያዙም። አንዷ ገና አቧራዋን ሳታራግፍ «የት ነው የምቀመጠው?» አለችኝ። ሌላው ፈትል ተምሮ መጣ፤ ወንድ ልጅ እንዝርት ሲያሾር አይተው ሴቶቹ እስኪያለቅሱ ሳቁበት፣ ግን አጫወቱት። «ጉዳይ» የሚል አንድም አልሰማሁም።

ዘንድሮ ደግሞ አቶ ሲሳይ መጡ። የጽጽቃ ልጅ ናቸው፤ ከእኛ አገር ያንን ትምህርት ቤት የጨረሰ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የተመደቡት በወይዘሪት የምሥራች ቦታ ነው፤ ወይዘሪት ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመልሰው ሊያስተምሩ ነው። አቶ ሲሳይ ኽምጥኛውን እንደ እናቴ ነው የሚናገሩት። እንግዲህ ለምን ጡረታ እንደወጣሁ ገባችሁ። እኔም ወልድያ ሄጄ ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ነው።

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ሦስታችንም እትዬ ታደሉ ዘንድ ሄድን። መሬቷን አልተነጠቀችም፤ ሽማግሌዎች ገብተው አስማሟቸው። ዝናሽ አድጋለች። ሰቆጣ ትምህርት ቤት ትግባ አትግባ የሚለው ገና አልተቆረጠም ነበር፤ እናቷ «አንድ ዓይን ይዛ መንገዱን እንዴት ትችለዋለች?» ትላለች። ስለዚሁ ነበር ወሬው። እኔ እንደ ልማዴ ከወይዘሪት የምሥራች ትከሻ ኋላ ተቀመጥኩ። አቶ ሲሳይና እትዬ ታደሉ ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ እኔ አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። «ምን አለች?» የሚለኝ የለም። እንዴት ያለ እንግዳ ስሜት ነው! ቅር እንዳይለኝ ፈርቼ ነበር፤ ደስ ብሎኝ አረፈው።

ድንገት ዝናሽ በጣቷ ወደ እኔ እያሳየች «ጡረታ የወጣችው እሷ ናት?» ብላ አቶ ሲሳይን ጠየቀቻቸው።

«አዎ።»

«እንግዲያ ሥራዋን ለእኔ ስጡኝ። ሰቆጣ እየተማርኩ እሠራዋለሁ።»

«የሷ ሥራማ አለቀኮ፣ ዝናሽዬ» አሉ አቶ ሲሳይ።

ዝናሽ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በግራ ዓይኗ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ካለቀማ ያንተን!»

እትዬ ታደሉ «አንቺ ባለጌ፣ እርስዎ በይ!» ብላ አፏን ያዘችና ከሁላችንም በፊት ሳቀች። ወይዘሪት የምሥራችም ሳቁ፤ ሳልተረጉምላቸው። እትዬ ታደሉ ሳቋን ስትጨርስ ልጇን አየቻት፣ መንገዱን አየችው፣ ከዚያ «መቼ ነው የሚመዘገበው?» አለች።

እኔ በበኩሌ ወልድያ ቶሎ መግባት አለብኝ። ያን የአቶ ሲሳይን ቦታ በልቤ ይዤው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ይቺ ልጅ ደግሞ ልትቀድመኝ ነው።